የቴሌቪዥን ሳይንሳዊ ልብ ወለድን ደሴ ላይ ሆኖ ወደ ድምፅ ድራማ እንዴት መቀየር ይቻላል

መጀመሪያ የፈቃዱን ነገር ጨርሱ። የሌላ ሰውን ሥራ ወደ ሌላ መልክ የመቀየር መብት የባለቤቱ ነው፤ የእኛም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይህንኑ ይላል። በ1963 እ.ኤ.አ. በቴሌቪዥን የጀመረውን የእንግሊዙን ተከታታይ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ «ዶክተር ሁ» ቢግ ፊኒሽ የተባለው ኩባንያ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በድምፅ የሚያወጣው ከቢቢሲ ፈቃድ ወስዶ ነው። ቤታችሁ ለመለማመድ የወደዳችሁትን የድራማ ክፍል ውሰዱ፤ ለሕዝብ የምትለቁት ከሆነ ግን የራሳችሁን ታሪክ ጻፉ።

ቀጥሎ ክፍሉን አንዴ በዓይን፣ አንዴ ስክሪኑን በጨርቅ ሸፍናችሁ በጆሮ ብቻ ተከታተሉት። ያልገባችሁ ቦታ ሁሉ እንደገና ይጻፋል።

ዋናው ጣጣ እዚህ ነው። ቴሌቪዥን ላይ የጠፈር መርከብ ከደመና ስትወርድ ካሜራው አሳይቶ ይገላግላል። ድምፅ ላይ ጀማሪ ጸሐፊ ገጸ ባሕሪውን ያስለፈልፋል፦ «ተመልከት፣ ትልቅ ብርማ መርከብ ከሰማይ እየወረደች ነው!» ሰው እንዲህ አያወራም። አጠገቡ የቆመው ሰውዬ ዓይን የለውም እንዴ? ተራኪ ማስገባቱም አይጥመኝም። በሬዲዮ ትረካ ስላደግን እጃችን ወደዚያ ይሮጣል እንጂ፣ ተራኪው በገባ ቁጥር ድራማው ይቆማል።

የሚሻለው መርከቧን ትቶ እሷ ያመጣችውን ለውጥ ማሰማት ነው። ታሪኩን ሐይቅ ዳር አመጣችሁት እንበል። መጀመሪያ ወፎቹን፣ ታንኳዋን የሚመታውን ውኃ፣ ስለ መረብ የሚጨቃጨቁ ሁለት ዓሣ አስጋሪዎችን አሰሙ። ከዚያ ወፎቹ ባንዴ ዝም ይበሉ። ታላቁ «አንተ ልጅ፣ ጀንበሯን ምን ጋረዳት?» ይበል፤ ታናሹ አይመልስ። ወፍራም ጉርምርምታ ቀስ ብሎ ይግባ። «አያ ሰይድ... ውኃው እየሸሸ ነው።» በቃ። የመርከቧን ስፋት አድማጩ ራሱ ይሣለው፤ ዝምታውን ግን አታሳጥሩበት። ቅንብር ላይ ዝምታ ስህተት ይመስልና ሰው ይቆርጠዋል፣ ትዕይንቱም አብሮ ይሞታል።

የማሽን ድምፅ ከኢንተርኔት ባታወርዱ እመርጣለሁ፤ ሁሉም ድራማ አንድ ዓይነት እየሆነ ተቸግረናል። የዶክተር ሁን የጊዜ መጓጓዣ ዝነኛ ድምፅ የቢቢሲው ብራያን ሆጅሰን የሠራው የቤት ቁልፍ በፒያኖ ሽቦ ላይ ፍቆ ነው። ፒያኖ ከሌለ ክራር አለ። ወፍራሙን ክር በቁልፍ እየፈተጋችሁ ቅዱ፣ አውዳሲቲ በተባለው የድምፅ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ላይ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሱ፤ ድምፁ አንድ ኦክታቭ ወርዶ ይወፍራል። ለአሸዋ አውሎ ነፋስ ጤፍ በሰፌድ ማንከባለል ነው። ለመግቢያ ሙዚቃም ሲንተሳይዘር አትፈልጉ፦ አምባሰል በማሲንቆ ዝግ ብሎ ሲመታ ከየትኛው ፕላኔት እንደመጣ አይታወቅም።

ለቀረጻ ስልክ ይበቃል፤ አውሮፕላን ሞድ ላይ ይሁን። ግድግዳው ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ስቀሉ። ተዋናዩ ከማይኩ አንድ ስንዝር ርቆ አፉን ትንሽ ወደ ጎን ያድርግ፣ አለዚያ «ፕ» በተባለ ቁጥር ይፈነዳል። ቤቱ ቆርቆሮ ክዳን ከሆነ የሐምሌንና የነሐሴን ከሰዓት እርሱት። ሰዓት ስትመርጡም በአዛኑና በቅዳሴው መሐል ነውና አስቀድማችሁ አስሉት። ማንም ሳይናገር የክፍሉን ጸጥታ ግማሽ ደቂቃ ቅዱ፤ ንግግር ቆርጣችሁ ስትቀጥሉ መጋጠሚያው በእሱ ይሸፈናል።

ቅንብሩን ድምፁን በማይጨምቀው የፋይል ዓይነት፣ በዌቭ አስቀምጡ፤ ኤምፒስሪ የመጨረሻው ቅጂ ብቻ ነው። ከዚያ በጥሩ ኢርፎን አትፍረዱ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሚኒባስ ተሳፈሩና የሐረጎን ጥምዝምዝ ስትወርዱ በርካሽ ኢርፎን ስሙት። ሞተሩ ንግግሩን ከዋጠው ተዋናዮቹን እንደገና አትጥሩ፣ ሙዚቃውን ስድስት ዴሲቤል ቀንሱ።