የአሜሪካን የአምራቾች ዋጋ ከኢንተርኔት ስታወጡ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ (ቢኤልኤስ) የአምራቾችን የዋጋ ኢንዴክስ በየወሩ ያወጣል፤ የአገሪቱ አምራቾች ለሚሸጡት የሚያገኙት ዋጋ ምን ያህል እንደተለወጠ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ነጻ ነው፤ በድረ ገጹ ለማየት መመዝገብም አያስፈልግም። ችግሩ መጠይቂያው ላይ ነው። የጠየቃችሁትን ካጣ የቱ ጋ እንደተሳሳታችሁ አይነግራችሁም፤ የለም ብሎ ዝም ነው።

«ኮዱን አስገባሁ፣ ምንም አልመጣም»

አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። እያንዳንዱ ሲሪስ፣ ማለትም በየጊዜው የሚመዘገብ የአንድ ነገር የዋጋ ተከታታይ ቁጥር፣ የራሱ ኮድ አለው። ሲሪስ ሪፖርት የሚባለው የቢኤልኤስ ገጽ ይህን ኮድ ሙሉውን ይፈልጋል፦ በላቲን ካፒታል ፊደል፣ መሀሉ ላይ ክፍተት ሳይኖር፣ በየመስመሩ አንድ አንድ። በደብሊው ፒ ዩ የሚጀምር ኮድ በሸቀጥ ዓይነት የተመደበ ነው። በፒ ሲ ዩ የሚጀምረው ደግሞ በኢንዱስትሪ። አንዱን በሌላው ቦታ ማስገባት አይቻልም።

ኮዱ ትክክል መስሏችሁ እምቢ ካለ ከየት እንዳመጣችሁት አስታውሱ። ብዙ ጊዜ ከፍሬድ የተቀዳ ሆኖ ይገኛል። ፍሬድ የሴንት ሉዊስ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ የመረጃ ቋት ነው። መረጃው ያው የቢኤልኤስ ነው፣ ስያሜው ግን አንዳንዴ ይለያል። የሁሉም ሸቀጦች ኢንዴክስ እዚያ ፒ ፒ አይ ኤ ሲ ኦ ይባላል። ቢኤልኤስ ጋ ደብሊው ፒ ዩ ተብሎ 8 ዜሮ ይከተለዋል።

የኢንዱስትሪ ኮዶች ላይ ነገሩ ይብሳል፤ ፍሬድ ሰረዞቹን ያወጣቸዋል። ለምሳሌ የጠቅላላው ማኑፋክቸሪንግ ኮድ እዚያ ፒ ሲ ዩ ብሎ ኦ ኤም ኤፍ ጂን ሁለት ጊዜ ይደግማል፣ አለቀ። ቢኤልኤስ ግን ከእያንዳንዱ ኦ ኤም ኤፍ ጂ ኋላ ሁለት ሰረዝ ይፈልጋል። ምክንያቱም የኢንዱስትሪው ኮድ ሁልጊዜ 6 ቦታ ይይዛል፤ የጎደለውን የሚሞላው ሰረዝ ነው። ስለዚህ እስከ 6 ቁጠሩና የጎደለውን በሰረዝ ሙሉ። እዚያ ያለው ኦ ደግሞ ፊደል እንጂ ዜሮ አይደለም። ዓይን ያታልላል።

«የወቅት ማስተካከያ የተደረገበትን ፈልጌ ነበር»

በየዓመቱ በወቅት ምክንያት የሚደጋገመው ከፍና ዝቅ የተወገደበት ቁጥር ማለት ነው። ከደብሊው ፒ ዩ ላይ ዩን በኤስ ቀይራችሁ ደብሊው ፒ ኤስ ብላችሁ ይሆናል። አሠራሩ ልክ ነው፤ ግን ሁሉም ሸቀጥ የተስተካከለ ቅጂ የለውም። ዋጋው ከወቅት ጋር የማይዋዥቅ ከሆነ አይሠራለትም። ከሌለ በዩው ቀጥሉ። የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ ላለው ውል ከሆነማ ቀድሞም የሚያስፈልጋችሁ ያልተስተካከለው ነው። የተስተካከለው በየዓመቱ ወደ ኋላ ሄዶ ስለሚከለስ ሁለት ተዋዋዮችን ያጣላል።

«የድሮው የት ሄደ?»

ገጹ ሲከፈት የሚያሳየው የመጨረሻዎቹን 10 ዓመታት ያህል ነው። ከላይ የመነሻና የመድረሻ ዓመት መምረጫ አለ፤ ቀይሩና ጎ የሚለውን ተጫኑ። ያም ሆኖ ካልመጣ ሲሪሱ ራሱ ወጣት ነው። ዜና ላይ የሚጠቀሰው የመጨረሻ ፍላጎት ኢንዴክስ (ለመጨረሻ ተጠቃሚ የሚሸጠውን የሚለካው፣ ደብሊው ፒ ዩ ኤፍ ዲ 4) የሚጀምረው ከኅዳር 2009 እ.ኤ.አ. ነው። የ1990ን ጠይቃችሁት ከየት ያምጣ? ለረጅም ዘመን ጥናት የሁሉም ሸቀጦች ኢንዴክስ ይሻላል፤ እስከ 1913 ይወርዳል። መሀል ላይ የተዘለሉ ወሮች ካያችሁ ደግሞ የእናንተ ጥፋት አይደለም። መረጃ የሰጡት ድርጅቶች ጥቂት ሲሆኑ ቢሮው ምስጢራቸውን ለመጠበቅ ቁጥሩን አያትምም።

«250 የሚለው ዶላር ነው?»

አይደለም። ኢንዴክስ ነው። መነሻው 1982 ከሆነ የዚያ ዓመት ዋጋ 100 ተብሎ፣ አሁን ሁለት ተኩል እጥፍ ደርሷል ማለት ነው። መነሻ ዓመቱ ከሲሪስ ሲሪስ ስለሚለያይ ሁለት ኢንዴክሶችን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይሄኛው ውድ ነው» ማለት አያስኬድም። ከ250 ወደ 260 ሲወጣም ጭማሪው 10 ነጥብ እንጂ 10 በመቶ አይደለም፤ 4 በመቶ ነው። ራሳችሁ ከምታሰሉት ይልቅ፣ ገጹ ላይ «ተጨማሪ የአቀራረብ አማራጮች» የሚለው ውስጥ ገብታችሁ የ12 ወር የመቶኛ ለውጥን ምረጡ።

«ባለፈው ያወረድኩት ቁጥር ተቀይሯል»

አጠገቡ ፒ ፊደል ነበረች? ጊዜያዊ ነው ማለቷ ነው። ያልተስተካከሉት ኢንዴክሶች ከታተሙ 4 ወር በኋላ አንዴ ይከለሳሉ። ሪፖርታችሁ ላይ ያወረዳችሁበትን ቀን ጻፉ።

«የቡና ዋጋ አወጣሁ፣ ግን ከእኛ ጋር አይገናኝም»

የቡና ኮድ አለ፤ ደብሊው ፒ ዩ 026301። ይሄ ግን ቡና ቆልተውና ፈጭተው የሚሸጡ የአሜሪካ አምራቾች የሚያገኙት ዋጋ ነው። ከይርጋጨፌ ወይም ከሲዳማ የሚሄድ ጥሬ ቡና ለአሜሪካ የገቢ ዕቃ ስለሆነ እዚህ ውስጥ ፈልጋችሁ አታገኙትም። ያው ቢሮ ለገቢ ዕቃዎች ሌላ ኢንዴክስ አለው፤ ኮዶቹ በኢ አይ ይጀምራሉ። እዚያም ቢሆን የምታዩት ኢንዴክስ ነው፣ ኪሎው ስንት እንደሆነ አይናገርም።

«ኤክሴል ላይ አልገጥም አለኝ»

ይሄ ሲሪሶቹን ሁሉ የያዘውን የቢኤልኤስ የጽሑፍ ፋይል ላወረዱ ነው። የሲሪሱ ኮድ ከኋላው የማይታዩ ክፍተቶች ይዞ ይመጣል። ዓይናችሁ አንድ ነው ይላል፣ ከሌላ ሰንጠረዥ ፈልጎ የሚያመጣው የኤክሴል ቀመር ቪሉክአፕ ግን አይገጥምለትም። ትርፍ ክፍተት በሚያጠፋው ቀመር በትሪም አጽዱት። ኤክሴል የመጀመሪያዋን ዜሮም ይበላል፤ 02 የነበረው ምድብ 2 ይሆናል። ዓምዱን ስታስገቡ ቴክስት አድርጉት። ወሩ ኤም 13 የሚል ረድፍ ካያችሁ የዓመቱ አማካይ ነውና ከወሮቹ ጋር አትደምሩት።

በፕሮግራም የምታወርዱ ከሆነና ድንገት መልስ ካቆመ ኮታችሁ አልቆ ይሆናል። ያልተመዘገበ ሰው በቀን 25 ጥያቄ ብቻ ነው ያለው። በኢሜይል ተመዝግባችሁ ቁልፍ (ፕሮግራማችሁ ከጥያቄው ጋር የሚልከው መለያ ኮድ) ስታገኙ ወደ 500 ከፍ ይላል፣ በአንድ ጥያቄ የሚወጣውም ከ10 ወደ 20 ዓመት ያድጋል።