የውጭ በጎ ፈቃደኞችን ልትጋብዙ ነው? መጀመሪያ ቀበሌ ሂዱ

ብዙ ክለብ ነገሩን ገልብጦ ነው የሚጀምረው። ትኬት ይቆረጣል፣ ሆቴል ይያዛል፣ ከዚያ «እንግዶቹ ምን ይሥሩ?» ተብሎ ስብሰባ ይጠራል። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። እኔ የማውቀው የሮታሪን፣ ማለትም በዓለም ዙሪያ ያሉ የበጎ አገልግሎት ክለቦችን ማኅበር፣ አሠራር ስለሆነ በሱ ላስረዳ።

መጀመሪያ ሰዉን ጠይቁ። የቀበሌውን ሊቀመንበር ብቻ ሳይሆን ውሃ የሚቀዱትን እናቶች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን፣ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ሳይቀር አነጋግሩ። ጉድጓድ ልትቆፍሩ ሄዳችሁ ጉድጓዱ ድሮውኑ እንዳለ፣ የጠፋው ግን የፓምፕ መለዋወጫና የሚጠግን ሰው እንደሆነ ልታገኙ ትችላላችሁ። ያኔ ሥራው ሌላ ሆነ ማለት ነው። ገንዘብ የሚሰጠው የሮታሪ ፋውንዴሽንም ለግሎባል ግራንት (በሁለት አገር ክለቦች አብረው ለሚሠሩት ትልቅ ሥራ የሚሰጥ ድጋፍ ነው) ይህን የማኅበረሰብ ጥናት ግዴታ አድርጎታል፤ ያለሱ ማመልከቻው አያልፍም።

ቀጥሎ አጋር ፈልጉ። ግሎባል ግራንት ሁለት ክለብ ይፈልጋል፤ አንዱ ሥራው ያለበት አገር አስተናጋጅ ክለብ፣ ሌላው ከውጭ። አጠቃላይ በጀቱም ቢያንስ 30,000 ዶላር መሆን አለበት። ሥራችሁ ከዚያ ካነሰ ብዙ አትጨነቁ፣ ለትንንሽ ሥራ የሚሰጠው የዲስትሪክት ግራንት አለላችሁ። የባንክ ሒሳቡ ላይ ሁለት ሮታሪያን (የሮታሪ አባላት) ይፈርሙ። ማን ምን እንደሚሠራ ደግሞ በወረቀት ይስፈር። በስልክ የተባለ ነገር ስድስት ወር አይቆይም።

እንግዶቹ የሚመጡት አሁን ነው። ለነሱ የሚሆነውን ሥራ አስቀድማችሁ ለዩ። ጡብ ማቀበልን እዚያው ያለ የቀን ሠራተኛ ይሠራዋል፣ እንጀራውም ነው፤ አትንጠቁት።

እንግዳ በትክክል የሚጠቅምበትን ሥራ ማየት ለሚፈልግ የፖሊዮ ዘመቻን ላንሳ። የሲያትሉ ሮታሪያን አቶ ዕዝራ ተሾመ ለዓመታት አሜሪካውያንን እየመሩ ኢትዮጵያ ድረስ ለዚህ ተመላልሰዋል። እንግዳው ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ቤት ለቤት ይዞራል፤ የምትመራው እሷ ናት። ክትባቱ ያለበትን የበረዶ ሣጥን ይሸከማል። የክትባቱ ብልቃጥ ላይ ክብ አለ፣ ክቡ ውስጥ ደግሞ ነጣ ያለች ትንሽ አራት ማዕዘን፤ ሙቀት ሲያገኛት እየጠቆረች ትሄዳለች፣ ከክቡ ጋር አንድ ዓይነት ከሆነች ክትባቱ አይሰጥም። ሕፃኑ አፍ ውስጥ ሁለት ጠብታ፣ ከዚያ ጣቱ ላይ የቀለም ምልክት፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ደጃፍ። አንድ ቀን ሙሉ እንዲህ የዋለ ሰው አገሩ ተመልሶ ክለቡን ገንዘብ ሲጠይቅ ወሬው ሌላ ነው። እኔ የእንግዳ ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለኛል።

ደግሞ ፎቶ። ሕፃን ከማንሳታችሁ በፊት እናቱን አስፈቅዱ፤ እንግዶቹንም ገና ከመኪና ሳይወርዱ ንገሯቸው።

የመጨረሻው ሪፖርት ነው፣ ብዙ ክለብ የሚወድቀውም እዚህ ነው። የመጀመሪያው ክፍያ ከገባ በ12 ወር ውስጥ የሂደት ሪፖርት፣ ሥራው ካለቀ በሁለት ወር ውስጥ የመጨረሻው ይላካል። ሰነዱ ቢያንስ አምስት ዓመት ይቀመጣል። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ጽሑፉ እየደበዘዘ ባዶ ወረቀት ይሆናል፣ ስለዚህ የዚያኑ ዕለት ማታ ፎቶ አንስታችሁ ለገንዘብ ያዡ ላኩለት።