የጋዝ ጄኔሬተር ለመብራትም ለሙቅ ውሃም፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ፔንሲዮን ያለው ዘመድ አለኝ። መብራት በሄደ ቁጥር ጓሮው ውስጥ ጄኔሬተር ይጮሃል። አጠገቡ የአንሶላ ማጠቢያ ውሃ በከሰል ይሞቃል። አቦ፣ ሙቀቱ እኮ እዚያው ከሞተሩ እየወጣ ነው! በሲሊንደር ጋዝ ወይም በባዮጋዝ የሚሠራ ትንሽ ሞተር ወደ መብራት የሚለውጠው ከነዳጁ ጉልበት ከ25 እስከ 35 በመቶውን ብቻ ነው። ሌላው በራዲያተርና በጭስ ይወጣል። ያንን ይዞ ውሃ የሚያሞቅ ማሽን ከነዳጁ 80 በመቶ ገደማ ሊጠቀም ይችላል። ገዛን። ተሳሳትንም።

ዋናው ስህተት የማሽኑን መጠን በመብራት ፍላጎት መለካት ነው። ሻጩ «ስንት ፍሪጅ አላችሁ?» አለን። መጠየቅ የነበረበት «በቀን ስንት ሊትር ሙቅ ውሃ ትፈልጋላችሁ?» ብሎ ነበር። 10 ኪሎዋት መብራት የሚሰጥ ሞተር ወደ 20 ኪሎዋት ሙቀት ይሰጣል። በዚህ ሙቀት 1,000 ሊትር ውሃ ከ25 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ ሁለት ሰዓት ያህል ይበቃል። ከዚያስ? በድሬ ሙቀት ቤት የሚያሞቅ የለም፤ እንግዳውም ቀዝቃዛ ሻወር ነው የሚፈልገው። የልብስ ማጠቢያ፣ ትልቅ ወጥ ቤት ወይም ወተት ማቀነባበሪያ ከሌለዎት ተራ ጄኔሬተር ይግዙ።

ሁለተኛው የኛ ጥፋት ውሃው ነው። የድሬ ሰው ማንቆርቆሪያውን ከፍቶ ቢያይ ነገሩ ይገባዋል፤ ነጭ ቅርፊት። የቧንቧውን ውሃ የሞተሩን ሙቀት ወደ ውሃ በሚያስተላልፈው ክፍል (ሙቀት መለዋወጫ) በቀጥታ አሳለፍነው። ውሃው እየቀዘቀዘ ሄደ፣ ሞተሩ ደግሞ እየጋለ። ሲፈታ የቧንቧው ቀዳዳ እርሳስ የሚያህል ብቻ ቀርቷል፣ ዙሪያው እንደ ኖራ ደርቋል። በአቼቶ ስናጥበው ዋልን። አሁን ሞተሩ ውስጥ የሚዞረው የራሱ የተጣራ ውሃ ነው፤ የቧንቧው ውሃ በሌላ በኩል ይሞቃል፣ እሱም በየጊዜው ይታጠባል።

ከፍታንም አይርሱ። ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ያንኑ ማሽን ደንገጎን አልፈው ሐረር ቢወስዱት አምስተኛው ያህል ይቀንሳል። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ለባሕር ጠረፍ ነው።

የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ካፈሰሰ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ ቦይም ካገኘ ይገባል። ስለዚህ ሲሊንደሩን ጉድጓድ ወይም ምድር ቤት አያስቀምጡ። ሞተሩንም «ጩኸቱ ይቀንስ» ብለው ክፍል ውስጥ አይዝጉበት፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።

ከከብት እበት የሚወጣ ባዮጋዝ የሚጠቀሙ ከሆነ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ሞተሩን ይበላዋል፤ መጀመሪያ በብረት ፍቅፋቂ ውስጥ ያሳልፉት።

ቼንጅ ኦቨር (የጄኔሬተሩን መስመር ከመንግሥት መብራት የሚለይ ማብሪያ) ሳያስገቡ ከቤት መስመር ጋርም አያገናኙ። እርስዎ ያበሩት መብራት በትራንስፎርመሩ ተመልሶ ምሰሶ ላይ ወጥቶ የሚጠግነውን ሰው ሊያገኘው ይችላል።