ክራርን በስልክ ለመቃኘት

አብዛኞቹ የስልክ መቃኛ አፖች ሲከፈቱ ለጊታር ተዘጋጅተው ነው። ክራር ሲሰሙ ድምፁን በጉልበት ወደ ጊታር ክሮች ስለሚጎትቱት ንባቡ ይሳሳታል። መጀመሪያ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ «ክሮማቲክ» (ሁሉንም ድምፆች ግማሽ ግማሽ ድምፅ እየለየ የሚያነበውን) ምረጡ።

ትዝታ ሜጀር ለሚባለው ቅኝት አምስቱን ክሮች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ላይ አስቀምጡ፤ ስልኩ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ እያለ ያሳያችኋል። ስድስተኛው ክር ያው ዶ ነው፣ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ። አንዱን ስትመቱ ሌሎቹን በግራ እጅ ጣቶች ያዟቸው፤ አብረው ከተንቀጠቀጡ የአፑ መርፌ አይረጋም።

ደስ የሚለው ነገር እዚህ ጋ ነው። ወደ ትዝታ ማይነር ለመሻገር ሁሉንም እንደገና መቃኘት አያስፈልግም። ሚን እና ላን ብቻ ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጉ። ስልኩ ያኔ «ዲ ሻርፕ» እና «ጂ ሻርፕ» ቢላችሁ አትደናገጡ፣ ሚ ፍላት እና ላ ፍላት ማለቱ ነው።

ክር ስታወርዱ ከሚፈለገው ትንሽ አሳልፋችሁ አላሉትና ከታች ወደ ላይ እየወጠራችሁ ድረሱበት። ከላይ ወርዶ የቆመ ክር በተጠመጠመበት ቦታ ላይ ልልነት ስለሚተው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተመታ በኋላ ይወርዳል። የመጨረሻውን ክር ስትጨርሱ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ፤ የክሮቹ ጉተታ ሲጨምር ክሮቹ የታሰሩበት ቀንበርም ቆዳውም ትንሽ ስለሚጎብጡ ቀድሞ የተቃኘው ዝቅ ብሎ ይገኛል። አዲስ የናይለን ክር ከሆነ፣ ተለጥጦ እስኪያልቅ ለጥቂት ቀናት ይህን ደጋግሙት።