ተማሪን ሰምና ወርቅ ማስቆጠር፦ ከቅኔ ቤት የምንዋሰው ዘዴ

ሰምና ወርቅ በትርጉም ከተጀመረ ክፍሉ እዚያው ያንቀላፋል። ተማሪው ለፈተና ይሸመድደዋል፣ አለቀ። የዋሸራ፣ የጎንጅና የዋድላ ቅኔ ቤቶች ግን ተማሪውን ሥራ ያስይዙታል፤ የራሱን ቅኔ ራሱ ይቆጥራል፣ ማለትም ያዘጋጃል። እዚያ ቋንቋው ግዕዝ ነው። ዘዴው ግን ለሰባተኛ ክፍል አማርኛም ይሆናል።

መጀመሪያ እርስዎ ይቁጠሩ። ቅኔ ቤት መምህሩ ራሱ ተማሪው ፊት ይዘርፋል፣ ማለትም ቅኔ እዚያው ፈጥሮ ይናገራል። ይሄን መዝለል የለም፤ መምህሩ ያልሞከረውን ተማሪ አይሞክረውም። ሁለት ስንኝ ይበቃል፦

ጫማዬ መቼ ነው ብዬ ጠየቅኩና፣
አባባ መለሰ «ያንተ ጫማ ገና»።

ሰሌዳው ላይ ይጻፉት እንጂ ጮክ ብለው አያንብቡት፤ ድምፅዎ ያጋልጠዋል። «አባትየው እምቢ አለ ወይስ ቃል ገባ?» ብለው ብቻ ይጠይቁ። ግማሹ «አልተገዛም» ይላል። አንዷ ድንገት «ለገና ሊገዛለት ነው!» ትላለች። በቃ፣ ክፍሉ ይንጫጫል። ይንጫጫ። «ገና» ሲላላ «ቆይ» ነው፣ ሲጠብቅ በዓሉ፤ ፊደላችን ደግሞ መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ሰም (ላይ ላዩን የሚታየው ትርጉም)፣ ወርቅ (የተደበቀው) እና ኅብረ ቃል (ሁለቱን የያዘው ቃል) የሚሉትን ስሞች ያኔ ጣል ያድርጉ።

ቀጥሎ እንዲህ ያሉ ቃላትን ከተማሪዎቹ ከራሳቸው ይሰብስቡ። «ዋና» እና «አለ» ቶሎ ይመጣሉ።

ከዚያ ወደ ግቢ ያስወጧቸው። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን የሚቆጥረው ብቻውን ገለል ብሎ ነው። ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ቃል፣ ሁለት ስንኝ። የአንድ ለአምስት ቡድን እዚህ አያስኬድም፤ አንዱ ይጽፋል፣ ሌሎቹ ስማቸውን ያስጽፋሉ።

ሲመለሱ ደብተር አይሰብስቡ። ተራ በተራ ቀርበው ይንገሩዎት፤ ጠብቆም ላልቶም ያንብቡት። አንዱ ንባብ ትርጉም ካልሰጠ «ወርቁ የት አለ?» ይበሉና መልሰው ይላኩት። ቃሉን እርስዎ ከለወጡለት ግጥሙ የእርስዎ ሆነ። ስልሳ ተማሪ ካለዎት ቀድመው የጨረሱት ጀማሪዎቹን ይስሙ፤ ቅኔ ቤትም የበሰለው ተማሪ አዲሱን ያግዛል።

የተሳካላቸው በሰልፍ ሰዓት ወይም በሚኒ ሚዲያ ያቅርቡ። ማሲንቆ የሚሞክር ልጅ ካለ እሰየው።

ሦስተኛ ስንኝ ለመጨመር አይቸኩሉ። ቅኔ ቤትም ስምንት ቤት (ስንኝ) ያለው መወድስ የተባለው የቅኔ ዓይነት ላይ የሚደረሰው ጉባኤ ቃና ከሚባለው ባለ ሁለት ቤት ቅኔ ተነስቶ ነው።