በፒያሳ ጓሮ የሳሙራይና የኒንጃ ፍልሚያ እንዴት ይቀረጻል?

እንጀራዬን የምበላው ቴኳንዶ እያሰለጠንኩ ነው፤ አራዳ ጊዮርጊስን ወረድ ብሎ ባለች ጠባብ አዳራሽ ውስጥ። ፊልም መሥራት ያማራቸው የሰፈር ልጆች ግን አይለቁኝም። «ጋሼ፣ የኒንጃና የሳሙራይ ትሪለር ልንሠራ ነው፣ ድብድቡን አንተ አስተካክልልን» ይላሉ። ስክሪፕቱን ስገልጠው ከዳር እስከ ዳር ጎራዴ ከጎራዴ ሲጋጭ ነው። እኔም እስክሪብቶ አውጥቼ መሰረዝ እጀምራለሁ። ለእያንዳንዱ ቡድን ያንኑ ከምደጋግም አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ልብ የሚሰቅለው ጎራዴው እስኪመዘዝ ያለው ጊዜ ነው። ከተመዘዘ በኋላማ ቶሎ ማለቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣውን የጃፓናዊውን ዳይሬክተር የአኪራ ኩሮሳዋን ፊልም «ሳንጁሮ» ፈልጋችሁ መጨረሻውን እዩት። ሁለት ሰዎች እጅ ለእጅ በሚደራረሱበት ርቀት ፊት ለፊት ይቆማሉ። ግማሽ ደቂቃ ያህል ማንም አይነቃነቅም። ከዚያ አንድ ምት፣ አለቀ። ከጓደኞቻችሁ ጋር ስታዩት እናንተ ስክሪኑን ትታችሁ የእነሱን ፊት እዩ። ትንፋሽ የሚይዙት የቱ ላይ ነው? ስክሪፕታችሁን ከዚያ ተነስታችሁ ጻፉት።

ኒንጃውን በጥቁር ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጣሪያ ላይ ልታወጡት እንዳሰባችሁ አውቃለሁ። ተዉት። የፒያሳ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ድመት ስትሄድበት እንኳ ቤተሰቡ ይነቃል፤ ጎረምሳ ሲሄድበት ምን እንደሚሆን አስቡት። ደግሞም የድሮዎቹ ኒንጃዎች፣ ኢጋና ኮጋ ከሚባሉ የጃፓን አካባቢዎች የወጡት ሰላዮች፣ እንደዚያ ለብሰው አይዞሩም ነበር። ያ ጥቁር ልብስ በአብዛኛው የመጣው ከመድረክ ነው። ካቡኪ በሚባለው የጃፓን ባህላዊ ቲያትር ዕቃ የሚያቀብሉትና የሚያነሱት ሠራተኞች ጥቁር ይለብሳሉ፤ ተመልካቹም እንደሌሉ ይቆጥራቸዋል። ሰላዮቹ ግን መነኩሴ፣ ነጋዴ፣ የመንገድ ትርኢት አሳዪ፣ ተራ ገበሬ መስለው በበር ነበር የሚገቡት።

እና ፒያሳ ውስጥ ማን በር ለበር ቢሄድ የሚጠረጥረው የለም? ቆራሌው! ኒንጃችሁ እሱ ይሁን። ጆንያ አዝሏል፣ ጆንያው ውስጥ ምን እንዳለ የሚጠይቀው የለም፣ ከየግቢው በር ላይ ይቆማል። ለአንድ ቡድን ያቀናጀሁትን ትዕይንት ልንገራችሁ። ሳሙራዩ ሰውዬ ቤቱ ተቀምጦ ጫማውን ይጠርጋል። ከሩቅ «ቆራሌው!» ይሰማል። ቀና አይልም። ካሜራው ከእሱ አይለይም። ቀረብ ብሎ ደግሞ «ቆራሌው!»። ብሩሹን ያስቀምጣል። ሦስተኛው ጥሪ ከአጥሩ ጀርባ ነው፤ ግን «ቆራ» ብሎ መሃል ላይ ይቋረጣል። ከዚያ ጸጥ። ሰውየው ብሩሹን መልሶ ሲያነሳ እጁ ይንቀጠቀጣል። ጎራዴ አልታየም፣ ደም የለም፣ ገንዘብም አልወጣበትም። ተመልካቹ ግን ወንበሩን ጨብጧል።

ሌላው ልጆች የሚስቱት ኒንጃና ሳሙራይ በተፈጥሯቸው ደመኞች የሆኑ መምሰሉ ነው። ሐቶሪ ሀንዞ የሚባለው በኒንጃነት ስሙ የገነነ ሰው ራሱ ሳሙራይ ነበር፤ በጃፓኑ የጦር መሪ በቶኩጋዋ ኢያሱ ሥር ሆኖ የኢጋን ሰዎች ይመራ ነበር። ስለዚህ ሁለቱ ሰዎቻችሁ በአንድ ጌታ ሥር የነበሩ ቢሆኑ ታሪኩ ይበልጥ መራራ ይሆናል። ዘመኑንም አስቡበት። ጃፓን ውስጥ ጎራዴ ታጥቆ አደባባይ መውጣት የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1876 ነው። ፒያሳን የድሮ ጃፓን አስመስላለሁ ብላችሁ አትድከሙ፤ በየጣሪያው ዲሽ ተተክሏል፣ በየማዕዘኑ የመብራት ገመድ ተንጠልጥሏል። ጥበቡን ከአያት ከቅድመ አያት የተማረ ሰው ዛሬ አዲስ አበባ ቢኖርስ? ያኔ ዲሹም ገመዱም የእናንተ ነው።

ወደ ጎራዴው እንምጣ። የእውነት ብረት አይሆንም። የደነዘዘም ቢሆን አይሆንም። በዚህ ላይ ክርክር አልገባም። የሳሙራይ ጎራዴ ስለቱ ብቻ ከ60 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፣ ክብደቱም አንድ ኪሎ አካባቢ ነው። አናጺ ዘንድ ሂዱና ከእጀታው ጋር አንድ ሜትር የሚሆን፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ እንጨት አስቆርጡ። ዋንዛ ካገኛችሁ ቀላልና ለመጥረብ የሚመች ነው። ወይራ ያምራል፣ ግን ይከብዳል፣ ጣት ላይ ካረፈም አይምርም። ባህር ዛፍ ይሰነጠቃል። በብርጭቆ ወረቀት በደንብ አሽታችሁ ብርማ ቀለም ንፉበት፤ በጣም እንዳያብረቀርቅ ግን በእጅ ደባበስ አድርጉት። ከእያንዳንዱ ቀረጻ በፊት አንድ ሰው እንጨቱን በጣቱ ይዳስሰው። ስንጥር ካለው ይጣላል።

አታጣጠቁ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሳሙራይ ጎራዴ በግራ ወገብ በኩል፣ ስለቱ ወደ ላይ ሆኖ መቀነት ውስጥ ይሻጣል። የእኛ አባቶች ደግሞ ጎራዴያቸውን በቀኝ ይታጠቁ ነበር። (አንድ ቀን ጋሻ የያዘ ያገር ሰውና በሁለት እጁ ጎራዴ የጨበጠ ሳሙራይ የሚጋጠሙበት ፊልም የሚሠራ ልጅ ከመጣ በነጻ ነው የማሰለጥነው። ሳሙራይ ጎራዴውን በሁለት እጁ ስለሚይዝ የእጅ ጋሻ አይዝም። ያ ፍልሚያ ምን እንደሚመስል አስቡት!)

ለልብሱ አቡጀዲ ይበቃል። ነጩ ካሜራ ላይ ስለሚያንጸባርቅ በቡና አተላ ቀቅሉት፣ ያረጀ መልክ ይይዛል። ሲደረብ የግራው ጎን ከላይ ይሁን። ቀኙን ከላይ አድርጎ የሚለብሰው ሬሳ ነውና የሚያውቅ ተመልካች ይስቅባችኋል። ለእግር በረባሶ አድርጉ፤ እርጥብ ኮብልስቶን ላይ አያንሸራትትም፣ እግርን ደግሞ አትቅረጹ።

አሁን ወደ እኔ ሙያ። የኔ ልጆች እግር ማንሳት ይወዳሉ። ሳሙራይ ግን ጎራዴ ይዞ እግሩን ጆሮ ድረስ አያነሳም። ቀኝ እግር ከፊት፣ ተረከዝ ትንሽ ከመሬት ለቀቅ፣ ሲሄዱ መሬቱን እየዳሰሱ መንሸራተት ነው። ግራ እጅ እጀታው ጫፍ ላይ ይሆናል፣ ጉልበቱም ከእሱ ነው፤ ቀኝ እጅ ከላይ ሆኖ አቅጣጫ ይሰጣል። አያያዙ እርጥብ ጨርቅ እንደሚጨምቅ ሰው ወደ ውስጥ ጠመም ያለ ይሁን። ትከሻ ላይ ጉልበት ካለ ውሸቱ ከሩቅ ያስታውቃል።

ፍልሚያው አጭር ይሁን። እኔ የማሠራቸው ይሄን ነው። ሁለቱ የጎራዴዎቹ ጫፎች ለጥቂት እስኪነካኩ ድረስ ይቀራረባሉ፣ ከዚያ ይቆማሉ። በልባቸው ቀስ ብለው እስከ ስምንት ይቆጥራሉ። ቆራሌው አንድ እርምጃ ገብቶ ከትከሻ ወደ ዳሌ በሰያፍ ይሰነዝራል፤ ዒላማው ግን ከባላንጣው ትከሻ ውጪ በአንድ ስንዝር ነው። ሳሙራዩ አይመክትም። ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን ያፈገፍጋል፣ ጎራዴው አየር ይቆርጣል። ወዲያው የቆራሌውን የእጅ አንጓ ይመታል፤ ከአንጓው በላይ በስንዝር ርቀት ይቆማል ማለቴ ነው። የቆራሌው ጎራዴ ይወድቃል። በሌላ እጁ ጆንያውን ወደ ፊቱ ይወረውራል። ጆንያው ስክሪኑን ሲሞላው አንድ ድምፅ ብቻ ይሰማ። ጆንያው ሲወርድ ሁለቱ ተላልፈው ጀርባና ጀርባ ቆመዋል። ማን እንደተመታ ቶሎ አትንገሩን። እንቁም ትንሽ።

ለደህንነት አንድ ሕግ አለ፤ ተመቺው ይቅደም። ተመቺው መሸሽ ሲጀምር ነው መቺው የሚሰነዝረው፤ ዓይን ለዓይን ካልተያዩ ማንም አይነቃነቅም። ልምምዱን በመራመድ ፍጥነት ጀምሩ፣ ሰውነታቸው ሳያስቡ እስኪሠራው ድረስ። በቀረጻ ቀንም ሙሉ ኃይል አይፈቀድም። የጎደለውን ፍጥነት ኤዲቲንጉና ድምፁ ይሞሉታል።

ካሜራውን ከጎን አታድርጉት። ከጎን ከሆነ በጎራዴውና በገላ መካከል ያለው ስንዝር ወለል ብሎ ይታያል። ከአንዱ ትከሻ ጀርባ ሁኑ፤ ራቅ ብላችሁ ሩቁን በሚያቀርበው የስልኩ ሌንስ (ቴሌፎቶ) ሳቡት፣ ክፍተቱ ይጠፋል። ማታ በመንገድ መብራት የምትቀርጹ ከሆነ ፍሬሙን በሰከንድ 25፣ ሻተሩን 1/50 ሰከንድ አድርጉ። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በሌላ ከቀረጻችሁ ምስሉ ብልጭ ድርግም ሊልባችሁ ይችላል። ክረምት ከሆነና ዝናብ ካማራችሁ ደግሞ መብራቱን ከዝናቡ ኋላ አስቀምጡ፤ ከፊት ሲበራበት ዝናብ አይታይም። ኩሮሳዋ እ.ኤ.አ. በ1950 «ራሾሞን»ን ሲሠራ ዝናቡ አልታይ ስላለው ውሃው ውስጥ ቀለም ጨምሮበታል። እናንተ ለስልካችሁ ፌስታል አልብሱ፣ ባትሪም ትርፍ ያዙ፤ መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም።

ቦታ? ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ቢኖር ሌላ ቦታ አልልም ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. ፈረሰ። ለማሳደድ ትዕይንት ሰባ ደረጃን የሚተካከል የለም፤ ከታች ሆናችሁ ወደ ላይ ቅረጹ። ግን ደረጃ ላይ ሩጫ ብቻ፣ ጎራዴ መማዘዝ የለም። ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት ብርሃኑ ለስላሳ ነው፣ ሰውም አይበዛም። እሑድን ግን ተዉት፤ ነጠላ ያጣፉ እናቶች ከቅዳሴ ሲመለሱ ጎራዴ የመዘዘ ልጅ ማየት የለባቸውም።

ፈቃድ ሳትይዙ መንገድ ላይ አትውጡ። ወረዳውንም በአቅራቢያው ያለውን ፖሊስ ጣቢያም አናግሩ፣ ደብዳቤውን ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። ከደብዳቤው በላይ የሚጠቅማችሁ ግን ዘበኞቹና መንደር ውስጥ ቡና የሚያፈሉት እናቶች ናቸው። ከአንድ ቀን በፊት ሄዳችሁ «እማማ፣ ነገ ፊልም እንቀርጻለን፣ ጎራዴው እንጨት ነው» በሏቸው፣ አስነኳቸውም። ካላወቁ አንዷ «ሌባ!» ብላ ከጮኸች ሰፈሩ ዱላ ይዞ ይወጣል፤ የእነሱ ዱላ ደግሞ በስንዝር ርቀት አይቆምም።

ድምፁን በኋላ ቤት ውስጥ ሥሩት። እንጨት ከእንጨት ሲጋጭ የእንጨት ድምፅ ነው የሚያወጣው፣ እሱን ሙሉ በሙሉ አውጡት። ለመመዘዙ ቢላ በሞረድ ላይ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ለአየሩ ቀጭን ሽመል ከስልኩ አጠገብ አወናጭፉ። ለዚያች አንዲት ምት ጥቅል ጎመን ግዙና ትልቅ ቢላ ሰክታችሁ ጠምዘዝ አድርጉ፤ ሲሰማ ያማል። ብዙ ጊዜ ሞክሩት፣ የመጀመሪያው ጥሩ አይወጣም። ጎመኑን አትጣሉት። ከድንችና ካሮት ጋር ጥሩ አልጫ ይወጣዋል፤ ቀረጻ የዋለ ልጅ ደግሞ የሚበላው አይመርጥም።