ከዕፅዋት ዘይት የሚረጭ የተባይ መከላከያ እንዴት ይዘጋጃል? ለደጋ ቤት፣ ለውሻና ለድመት

ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነች። የመንዟ መሐል ሜዳ ከዚያም ትበልጣለች። ሌሊቱ ይበርዳል። ስለዚህ በገጠሩ ግልገሉ፣ ጥጃውና ዶሮው ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ያድራሉ። ወለሉ አፈር ነው፣ መደቡ ጭቃ ነው፣ ላዩ ላይ ቁርበትና ዝተት ይነጠፋል። ቁንጫ ከዚህ የተሻለ ቤት አያገኝም። ከተማ ውስጥም ቢሆን ግቢ የሚጠብቀው ውሻና አይጥ የምታድነው ድመት ያንኑ ተባይ ሳሎን ድረስ ያስገቡታል።

ሰው ሲቸግረው ማላታይን ከገበያ ገዝቶ ፍራሽ ላይ ይነሰንሳል። የአልጋ ስንጥቅ ውስጥ ነጭ ጋዝ የሚያፈስም አለ። ማላታይን ለሰብልና ለጎተራ የሚውል መርዝ ነው። ሕፃን የሚተኛበት ፍራሽ ላይ መድረስ የለበትም። ነጭ ጋዙም እሳት ይጠራል። ይህን የምጽፈው ከሁሉ በላይ እነዚህን ሁለት ነገሮች ከመኝታ ቤት ለማስወጣት ነው። የዕፅዋት ዘይት የተሻለ ምርጫ ነው። ግን ከዕፅዋት ስለመጣ ብቻ አይጎዳም ማለት አይደለም። ልኩን ካለፈ ቆዳ ያቃጥላል፣ ድመት ይገድላል።

ዘይቱ ምን ይሠራል፣ ምን አይሠራም?

ኒም ከሚባለው ዛፍ ዘር የሚጨመቀው የኒም ዘይት ተባዩን ሸፍኖ የሚተነፍስበትን ቀዳዳ ይዘጋዋል። ውስጡ ያለው አዛዲራክቲን የተባለ ንጥረ ነገር ደግሞ እጩ (ከእንቁላል የሚወጣው ትል) አድጎ ሙሉ ተባይ እንዳይሆን ያውከዋል። የባሕር ዛፍና የጠጅ ሳር ዘይት ሌላ ዓይነት ናቸው። በቶሎ ይተናሉ፣ ሽታቸው ኃይለኛ ነው፣ የተባዩን ነርቭ ያውካሉ፣ ያባርሩታልም።

ሁሉም አንድ ድክመት አለባቸው። የሚገድሉት የነኩትን ብቻ ነው። ሽታው ሲጠፋ ኃይሉም አብሮ ይጠፋል። እንቁላሉን ደግሞ ብዙም አይደፍሩትም። ዛሬ ረጭቶ በሳምንቱ «ምንም አልሠራልኝም» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ችግሩ ዘይቱ አይደለም። ሳይጠርግና ሳያጥብ ረጭቶ ነው፣ ወይም አንዴ ረጭቶ ትቶታል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

የኒም ወይም የባሕር ዛፍ ዘይት፣ ላርጎ ወይም ሌላ ፈሳሽ ሳሙና፣ ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ፣ ፀጉር ቤት የሚጠቀሙበት ዓይነት ውሃ መርጫ፣ ለመለኪያ ደግሞ ከፋርማሲ የሚገዛ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ። ዘይቱን በግምት አታፍስሱ። ሲሪንጁ ብዙ ገንዘብ አያስወጣም፣ ከብዙ ጣጣ ግን ያድናል።

ኒም ቆላ ይወዳል። ከጣርማበር ቁልቁል ወርዳችሁ ደብረ ሲናን አልፋችሁ እንደ ሸዋ ሮቢት ያለው ሙቀት ነው የሚስማማው። ደጋ ያለ ሰው ዘይቱን ገዝቶ መጠቀም ይቀለዋል። ስትገዙ ከሌላ ዘይት ጋር ያልተደባለቀ መሆኑን ጠይቁ። ንጹሕ የኒም ዘይት ሽታው ይከብዳል፣ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል። ጥሩ መዓዛ ካለው ተጠራጠሩ።

ባሕር ዛፉ በየደጃችን አለ። ግን ቅጠሉን በክፍት ድስት ቀቅሎ ውሃውን መርጨት ብዙም አይጠቅምም። ዘይቱ ከእንፋሎቱ ጋር አብሮ ይሄዳል። አረቄ የምታወጣ እናት ይህን በደንብ ታውቃለች፦ የሚፈለገው ነገር እንፋሎቱ ውስጥ ነው፣ በቱቦ ተይዞ ሲቀዘቅዝ ነው የሚገኘው። የባሕር ዛፍ ዘይትም የሚወጣው በዚሁ መንገድ ነው። ዕቃው ከሌላችሁ የተጣራውን ዘይት መግዛት ይሻላል።

አንደኛ፦ የኒም ርጭት

1. ቅዝቃዜ ላይ የኒም ዘይት ይረጋል። ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት ጠርሙሱን ብትገለብጡት ጠብ ላይል ይችላል። ጠርሙሱን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቁሙትና ጠብቁ። እሳት ላይ አታስቀምጡት፣ ከፍተኛ ሙቀት ኃይሉን ይቀንሰዋል።

2. በትንሽ ለብ ያለ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ላርጎ በጥብጡ። ሳሙናው የግድ ነው። ያለ እሱ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ መርጫውም መጀመሪያ ውሃ ብቻ፣ በኋላ ዘይት ብቻ ይተፋል።

3. ዘይቱን ጨምራችሁ ነጣ ብሎ እስኪዋሃድ ምቱት። ለውሻ ከሆነ በ1 ሊትር 5 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ለወለልና ለግድግዳ 10 ሚሊ ሊትር አድርጉት።

4. የቀረውን ውሃ ጨምራችሁ 1 ሊትር ሙሉት። በዚያው ቀን ተጠቀሙበት። ውሃ የነካው ኒም ለነገ አይቀመጥም፣ ኃይሉን ያጣል።

ሁለተኛ፦ የባሕር ዛፍ ርጭት፣ ለቤት ብቻ

10 ሚሊ ሊትር የባሕር ዛፍ ዘይት በ100 ሚሊ ሊትር ዳግም አረቄ ውስጥ አሟሙት። ከዚያ አንድ የሻይ ማንኪያ ላርጎና 900 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ጨምሩ። ከመርጨታችሁ በፊት ሁልጊዜ ነቅንቁት። አረቄም ዘይትም ስላለበት ምድጃ፣ ከሰል፣ ሻማ ወይም ኩራዝ አጠገብ አይረጭም። ይህኛው እንስሳ ላይ አይደረግም። ድመት ያለበት ቤት ከሆነ ጭራሽ ተዉትና ኒሙን ወለል ላይ ብቻ ተጠቀሙ። እሱም እስኪደርቅ ድመቷ ውጭ ትቆይ።

የተረፈውን ርጭት በሃይላንድ ጠርሙስ አታስቀምጡ። ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል።

ቁንጫን ከቤት ማስወጣት

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ውሻው ላይ የምታዩት ቁንጫ ከጠቅላላው ጥቂቱ ነው። አንዲት ሴት ቁንጫ በቀን እስከ 50 እንቁላል ልትጥል ትችላለች። እንቁላሉ ከእንስሳው ላይ ይረግፍና ወለል ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። እጩ እዚያው አቧራ ውስጥ ያድጋል። ከዚያ ድር ጠቅልሎ ይተኛል። እዚያ ውስጥ እያለ ምንም ርጭት አያገኘውም፣ ቅዝቃዜ ካለ ደግሞ ለወራት ሊቆይ ይችላል። የሰው ወይም የእንስሳ ኮቴ ሲሰማ ይወጣል። ተዘግቶ የከረመ ቤት ሲከፈት ቁንጫ እግር ላይ የሚወረው ለዚህ ነው።

ስለዚህ በጠዋት ጀምሩ። ቁርበቱ፣ ዝተቱ፣ ባናው፣ ፍራሹ ሁሉ ይውጣ። የሚቀቀል ጨርቅ በፈላ ውሃ ይታጠብ። የሱፍ ዝተትና ባና ስለማይቀቀል ከቤት ራቅ አድርጋችሁ በዱላ በደንብ አራግፉት፣ ቀኑን ሙሉ እያገላበጣችሁ ፀሐይ ላይ አውሉት። ወለሉን፣ በተለይ የመደቡን ሥርና የግድግዳውን ጥግ፣ ጥረጉ። ጥራጊውን ውጭ አቃጥሉት። ደጅ ከተደፋ ቁንጫው ተመልሶ ይገባል።

አሁን ርጩ። ከውስጥ ጥግ ጀምራችሁ ወደ በሩ እየወጣችሁ፣ ስንጥቁን እያረሳችሁ። መሀል ወለሉን ማጥለቅለቅ አያስፈልግም። ተባዩ ጥግ ነው ያለው። መስኮትና በር ክፍት ይሁን። ሕፃን፣ ነፍሰ ጡርና አስም ያለበት ሰው ሽታው እስኪወጣ ውጭ ይቆይ። ምግብና እንስራ ቀድሞ ይከደን።

በማግስቱ ስንጥቁን በጭቃና በእበት ለቅልቁት። እናቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩት ነገር ነው፣ ትልቅ ጥቅም አለው። እጩ የሚያድግበት ጉድጓድ ይደፈናል። ሲሚንቶ ማድረግ የሚችል ካለ ከየትኛውም ርጭት ይበልጣል።

መጥረጉንና መርጨቱን በየ3 ወይም በየ4 ቀኑ ድገሙት፣ ቢያንስ ለአንድ ወር። በሁለተኛው ሳምንት ቁንጫው የበዛ ቢመስል ተስፋ አትቁረጡ። ድሩ ውስጥ የነበረው እየወጣ ነው።

ውሻ

በመጀመሪያ ቀን ክንዱ ሥር ትንሽ ቦታ ላይ ብቻ ሞክሩና አንድ ቀን ጠብቁ። ካልቀላና ካላከከው ቀጥሉ። ከመርጨት በፊት በሳሙና አጥቡት። አረፋውን መጀመሪያ አንገቱ ዙሪያ አድርጉ፣ አለዚያ ቁንጫው ከውሃው ሸሽቶ ጆሮውና ዓይኑ አካባቢ ይሰፍራል። ደረቅ ሲል የኒሙን ርጭት ከጀርባው ጀምራችሁ፣ ብብቱንና የጅራቱን ሥር ጨምራችሁ ርጩና በእጃችሁ እሹት። ፊቱ ላይ አይረጭም። ቁስልም አይነካ። እስኪደርቅ እንዳይልሰው ያዙት። በሳምንት አንዴ ይበቃል። ቡችላ፣ ያረገዘችና የምታጠባ ውሻ ላይ አታድርጉ። የሚተኛበትን ገለባ ቀይራችሁ አሮጌውን አቃጥሉ።

ደብረ ብርሃን ላይ ውሻ በማታ አይታጠብም። ጠዋት፣ ፀሐይ ሲወጣ ይሁን። ግልገልና ጥጃም እንደዚሁ ነው። ከብት ላይ መድኃኒት ከማድረጋችሁ በፊት የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ አማክሩ። የምትታለብ ላም ጡት ላይ ደግሞ ምንም ዘይት አይረጭም።

መዥገር ካገኛችሁ ዘይትም ነጭ ጋዝም አታፍስሱበት፣ በእሳትም አታስነኩት። በወረንጦ ቆዳው ድረስ ተጠግታችሁ ጭንቅላቱን ያዙና ሳትጠመዝዙ ቀስ ብላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ከዚያ አረቄ ውስጥ ጣሉት። በእጅ አይፈርጥም።

ድመት

ድመት ላይ ምንም ዓይነት የዕፅዋት ዘይት አትርጩ። የድመት ጉበት እነዚህን ዘይቶች እንደ ውሻ ፈጭቶ ማስወገድ አይችልም። የባሕር ዛፍ፣ የቅርንፉድ፣ የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ ዘይት በጠብታም ሊመርዛት ይችላል። ድመት ሰውነቷን ስለምትልስ ፀጉሯ ላይ ያረፈው ሁሉ ሆዷ ይገባል። ለእሷ የሚሻለው ጥርሱ የተጠጋጋ የቅማል ማበጠሪያ ነው። በየቀኑ አበጥሯት፣ የያዛችሁትን ቁንጫ ላርጎ ያለበት ውሃ ውስጥ ንከሩት። አሰልቺ ነው፣ ግን ይሠራል።

ዘይት ነክቷት ምራቋ ከተዝረከረከ፣ ከተንቀጠቀጠች ወይም ስትሄድ ከተንገዳገደች በላርጎና ለብ ባለ ውሃ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት።

ትኋንና ሌሎቹ

ትኋን ላይ ርጭት ደካማ ነው። የአልጋውን እንጨት ፈታታችሁ ውጭ አውጡና መጋጠሚያው ላይ የፈላ ውሃ አፍስሱ። ሙቀቱ እንቁላሉንም ይገድላል። የፍራሹን ስፌት በእጅ ባትሪ እያያችሁ ትኋኑን ልቀሙ። ኒሙን የግድግዳ ስንጥቅ ላይ ጨምሩ፣ በየሳምንቱ ድገሙት።

በረሮና ጉንዳን ላይ ላርጎ ያለበት ውሃ ብቻውን ቢረጭ እንኳ የነካውን ይገድላል። የባሕር ዛፉን የሚመጡበት መንገድ ላይ አድርጉ። ዝንብ ለሰዓታት ከበር ይርቃል፣ ከዚያ ይመለሳል። ንብ ያለው ሰው ከቀፎው አቅራቢያ ምንም አይርጭ።

የልብስ ቅማል በርጭት አይታከምም። ልብሱ ይቀቀል። ይህ ቅማል የሚያገረሽ ትኩሳትንና ታይፈስን ስለሚያስተላልፍ፣ ቅማል ባለበት ቤት ሰው ካተኮሰው ቶሎ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬና ሌላውም ቆላ ላይ ላላችሁ፦ የጠጅ ሳር ወይም የባሕር ዛፍ ሽታ ቢምቢን ለጥቂት ጊዜ ያርቃል፣ ወባን ግን አያስቀርም። አጎበሩ ይዘርጋ። ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ ቆዳ ላይ እነዚህን ዘይቶች አትቀቡ።

ልጅ ዘይቱን ከጠጣ

እንዲያስታውክ አታድርጉት። ዘይቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። አፉን በውሃ አጥቡና ጠርሙሱን ይዛችሁ ወዲያው ጤና ጣቢያ ሂዱ። የኒም ዘይት ለሕፃን በአፍ ሲሰጥ ሕይወት አደጋ ላይ የጣለበት ጊዜ አለ። ለሆድ ቁርጠት ወይም ለትላትል ብላችሁ ጠብታም ቢሆን አታጠጡ።